ክርክር፦ ለፒካፕ የሚገጠመው ሰፊ የአየር ማስገቢያ ጉልበት ይጨምራል?

ጥያቄው፦ የፋብሪካውን ዲፕራተር (የአየር ማጣሪያ) ከነሳጥኑ አውጥቶ ሰፊ ቱቦና ትልቅ ፊልትሮ (ማጣሪያ) መግጠም እውነት ጉልበት ይሰጣል? ወይስ ድምፅ ብቻ ነው?

ባለጭነት፦ ይሰጣል። ከገጠምኩ ወዲህ ፒካፔ ዳገት ላይ ቶሎ ይነሳል። ሞተር የሚሠራው በአየርና በነዳጅ ነው። አየሩን ካላፈንከው ይሠራልሃል።

መካኒኩ፦ ወንድሜ፣ ድምፁ እንዳያታልልህ። የፋብሪካው ሳጥን ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ጩኸት ያፍናል። ሳጥኑ ሲወጣ ጩኸቱ ጆሮህ ድረስ ይመጣል፤ መኪና ሲጮህ ደግሞ የፈጠነ ይመስላል። ከዚህ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። የፋብሪካው ቱቦ ብዙ ጊዜ ከፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ) ወይም ከፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ኮፈን ስር የተተከለ ክፍት ፊልትሮ ግን ሞተሩ ያጋለውን አየር ነው የሚምገው። አየር 3 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 1 በመቶ ይሳሳል። 30 ዲግሪ ከሞቀ ወደ 10 በመቶ አየር አጣህ ማለት ነው። ጭነት ይዘህ ዳገት በቀስታ ስትወጣ ደግሞ ኮፈን ስር ይበልጥ ይግላል።

ባለጭነት፦ የእኔ ክፍት አይደለም። ሳጥን አለው፣ ከውጭ ነው የሚስበው። ነዳጅም ቀንሶልኛል።

መካኒኩ፦ ሳጥን ካለው የሙቀቱን ነገር ትቼዋለሁ። ነዳጁን ግን አልቀበልም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ ፍጆታ አልጨመረም። የጎዳው መኪናው ፍጥነት የሚያነሳበትን አቅም ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን በሚገባው አየር ልክ ይመጥነዋል። ስለዚህ ፊልትሮህ ቆሽሾ ከነበረ፣ ያው የፋብሪካውን በአዲስ ብትቀይረውም ይነሳልህ ነበር።

ባለናፍጣዋ፦ ሁለታችሁም ስለ ቤንዚን ነው የምታወሩት። የእኔ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ቱርቦው አየሩን ገፍቶ ያስገባል፤ የግፊቱንም የነዳጁንም ልክ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ፕሮግራሙ ካልተቀየረ ቱቦ ብቻ በማስፋት ብዙ ለውጥ አይመጣም። እኔን የሚያስፈራኝ አቧራው ነው። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ፊልትሮ አቧራም ሊያሳልፍ ይችላል። አቧራ የቱርቦውን ምላጮች ይበላል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይፍቃል። በዘይት የሚርሰው የጨርቅ ፊልትሮ ደግሞ ዘይቱ ከበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል፤ ያን ጊዜ የቼክ መብራት ይበራል።

ባለጭነት፦ እሺ እህቴ፣ ፕሮግራሙ አብሮ ቢስተካከልስ?

ባለናፍጣዋ፦ ያኔ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ስለሚፈልግ ሰፊው ቱቦ ሥራ ያገኛል። እዛ ላይ አልከራከርህም።

መካኒኩ፦ እኔም እስማማለሁ። ግን አፉ ወደ ታች የወረደ ቱቦ እንዳትገጥሙ። ጎርፍ ውስጥ ውሃ ከሳበ ፒስተኑ ውሃን መጭመቅ አይችልም፤ ቤላው (የፒስተኑ ዘንግ) ይጣመማል። ውሃ የምትሻገሩ ከሆነ አፉ ጣሪያ ጋ የሚደርሰውን ስኖርክል የሚባል የአየር ቱቦ አስገጥሙ። እሱ ጉልበት ባይጨምርም ሞተሩን ያተርፋል።