ማዮርካ በሳይክል፣ ሚስትና ልጅ ይዞ፦ ማረፊያ የት ይሻላል?

ዳገት_ናፋቂ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ፍራንክፈርት አካባቢ ነኝ፣ የኮርሳ ሳይክል ፍቅር ከያዘኝ ቆየ፣ ቅዳሜ ሲሆን ከጓደኞቼ ጋር ፌልድበርግ ተራራን ወጥተን ካልወረድን ሳምንቱ ሳምንት አይመስለንም። ዘንድሮ ለፈረንጆቹ ፋሲካ የልጁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የስፔኗ ደሴት ማዮርካ ሄደን አንድ ሳምንት እንሰንብት ብለን ተስማምተናል፣ ተስማምተናል ስላችሁ ባለቤቴ "አንተ ተራራ ላይ ስትጠፋ እኔና ልጁ ሆቴል ውስጥ ግድግዳ ስናይ አንውልም" ብላ በቅድመ ሁኔታ ነው። እሷ ሳይክል አትነዳም፣ የመንዳት ሀሳቡም የላትም።

ካርታውን ሳየው ተራራው በሙሉ በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው የተደረደረው፣ ሆቴሉ ደግሞ በየባህሩ ዳር ነው፣ ታዲያ የት ብናርፍ ነው እኔም ዳገቴን የማገኘው እነሱም የማይሰለቹት? አብሮን የሚመጣ አንድ ጓደኛዬ ሻንጣ ሳይክል ላይ አስረን ደሴቱን ዙሪያውን እንዙር እያለ ይወተውተኛል፣ እሱስ ያዋጣል? ሳይክሌን አውሮፕላን ላይ ልጫን ወይስ እዛው ልከራይ? በዛ ላይ ወቅቱ ሁዳዴ ነው፣ ባለቤቴ አጥብቃ ነው የምትጾመው፣ የጾም ነገር ይገኛል ወይስ በሶና ሽሮ ጭነን እንሂድ? የሄዳችሁ ካላችሁ በናታችሁ ምከሩኝ።

የስቶክሆልሟ፦
ሰላም ወንድሜ። ዙሪያውን መዞሩን እርሳው፣ ጓደኛህንም አስረሳው። ደቡቡና ምስራቁ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ባህር ዳር ባህር ዳሩን ይዘህ ከሄድክ ሆቴልና አደባባይ ስትቆጥር ነው የምትውለው፣ ተራራው ጋ ስትደርስ ደግሞ ያንን ሁሉ ሻንጣ ዳገት ለዳገት ልትጎትት ነው። ሰው ማዮርካ የሚሄደው ትራሙንታና ለሚባለው ለዛ ለሰሜን ምዕራቡ ተራራ ነው፣ ከአንድራች እስከ ፖየንሳ ተራራውን ይዞ የሚሄደው ኤምኤ 10 የሚባለው መንገድ ብቻውን ከ100 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ እሱን ቆራርጠህ በተለያየ ቀን ንዳው። በነገራችን ላይ ትራሙንታና የዩኔስኮ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2011 ነው፣ የኛ ኮንሶ በተመዘገበበት በዛው አመት፣ ስትሄድ ታየዋለህ፣ ተራራው ላይ ድንጋይ በድንጋይ ተደራርቦ የተሰራ እርከን ነው፣ ልዩነቱ እዛ ማሽላ ሳይሆን ወይራ ነው ያለበት።

ማረፊያ በሰሜን በኩል ባህር ዳር ያለችውን ፖርት ደ ፖየንሳን ያዝ። ውሀው ለልጅ ጥልቀት የለውም፣ ባህር ዳሩ ላይ ቀጥ ያለ መሄጃ አለ፣ እና ከሆቴልህ በር ወጥተህ በሶስት አቅጣጫ መንዳት ትችላለህ። የመጀመሪያውን ቀን በሜዳው ሲነውና ፔትራ ወደሚባሉት መንደሮች ሂድ፣ እግርህን አፍታታ፣ የሚገርም ጠባብ የገጠር መንገድ ነው ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ። በማግስቱ ፎርመንቶር ያለው የመርከብ መብራት ማማ ድረስ ደርሶ መልስ፣ ወደ 40 ኪሎሜትር ቢሆን ነው ግን አጭር ነው ብለህ አትናቀው፣ ሲወጣና ሲወርድ ነው የሚውለው፣ ፍየሎቹም መሀል መንገድ ቆመው ነው የሚያዩህ። በጋ ላይ የግል መኪና ስለሚከለከል ነው እንጂ በሌላው ጊዜ ጠዋት በጊዜ ካልወጣህ መኪናው አያስነዳህም።

ከዛ ነው ሳ ካሎብራ የሚባለው የተራራ መንገድ። እሱን ሳታይ ብትመለስ ማንም ማዮርካ ሄድክ አይልህም። መንገዱን አንቶኒዮ ፓሪየቲ የሚባል መሀንዲስ ነው ያወጣው፣ በ1932 አልቆ ነው፣ አፋፉ 680 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዛ ላይ መንገዱ ቦታ ሲያጥረው ዞሮ በራሱ ስር ያልፋል፣ "የክራቫት ቋጠሮ" ነው የሚሉት። ጉዱ ግን መንገዱ ባህሩ ጋ ማለቁ ነው፣ ሌላ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ትወርዳለህ ከዛ ያንኑ 9 ኪሎሜትር ተኩል በአማካይ 7 ፐርሰንት ትወጣለህ። ስትወርድ ኩርባውን እያየህ "ይሄንን ነው እንዴ የምመለሰው" እያልክ ነው የምትወርደው 😂 ረፋድ 4 ሰዓት ሳይሆን ታች ድረስና መውጣት ጀምር፣ ከዛ በኋላ የቱሪስት አውቶቡስ ይመጣል፣ ኩርባ ላይ አውቶቡስና አንተ አብራችሁ አትበቁም።

ካቴና፦
ስለ ሳይክሉ እኔ ልበል፣ ስራዬም እሱ ስለሆነ። የራስህ ኮርሳ ማርሹ ምንድነው? የጥርሱ ቁጥር ፊት 50/34 ኋላ እስከ 28 ብቻ ከሆነ ፌልድበርግ ላይ ይበቃህ ይሆናል፣ ሳ ካሎብራ ላይ ግን ከአፋፉ ሳትደርስ ጉልበትህ ያልቅና ቆመህ ነው የምትረግጠው። ኋላ 32 ወይ 34 ያለው ይሁን። የምትከራይ ከሆነ ይሄንን ስትይዝ በጽሁፍ ንገራቸው፣ ዲስክ ፍሬን ያለው ይሁን፣ የቁመትህንና የኮርቻህን ከፍታ ለክተህ ላክላቸው። ፍሬኑንም ጠይቅ፣ የእንግሊዝ ደንበኛ ስለሚበዛ አንዳንዱ የፊቱና የኋላው ፍሬን ግራና ቀኝ ተቀያይሮ ነው የሚሰጥህ፣ ቁልቁለት ላይ እንደሱ መሆኑን ማወቅ አትፈልግም።

የኔ ሀሳብ ተከራይ ነው። አውሮፕላን ላይ ልጫን ካልክ ለሳይክሉ ደርሶ መልስ ትከፍላለህ፣ ሳጥን ትገዛለህ ወይ ትዋሳለህ፣ ፔዳልና መሪ ፈትተህ ትገጥማለህ፣ ኤርፖርት ስትደርስ ደግሞ ያ ሁሉ ሳጥን በሚስትህና በልጅህ ሻንጣ ላይ ተጨምሮ ታክሲው አይበቃውም። ለአንድ ሳምንት አያዋጣም። ፔዳልህንና ጫማህን፣ ከለመድከው ደግሞ ኮርቻህንም ይዘህ ሂድ፣ በቃ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ግን የሳይክለኛ ወቅት ነው፣ ጥሩ ጥሩው ሳይክል ቀድሞ ስለሚያልቅ አሁኑኑ ያዝ።

ሄልሜት ስፔን ውስጥ ከከተማ ውጪ ግዴታ ነው፣ መብራትም ያዝ፣ ተራራው ላይ ዋሻ አለ። ሁለት ካላማዳሪ፣ አንድ መንፊያ፣ ለቁልቁለት ደግሞ ቀጭን ጃኬት። ታች ፀሀይ ስለሆነ ላይም ፀሀይ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፣ ላብህ ሳይደርቅ 10 ኪሎሜትር ስትወርድ ጥርስህ ነው የሚንቀጫቀጨው።

ሀይፋ፦
ሻሎም ጋሼ፣ ይቅርታ ነገር ላበላሽ አይደለም ግን ሁሉም ሰው ማዮርካ ማዮርካ የሚለው ለምንድነው? ቆጵሮስስ? እኛ ከዚህ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይፈጅብንም፣ ትሮዶስ ተራራ ላይ ኦሊምፖስ የሚባለው ጫፉ 1952 ሜትር ነው፣ ማዮርካ ውስጥ እንደዛ የሚያስወጣ መንገድ የለም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ የጥድ ሽታ ብቻ፣ የኦርቶዶክስ ሀገር ስለሆነ ደግሞ እነሱም ይጾማሉ፣ ባለቤትዎ "የጾም" ሲሉ ይገባቸዋል። የሚነዳው በግራ መሆኑን ብቻ ይልመዱት።

የስቶክሆልሟ፦
ሀይፋ የኔ ወንድም፣ ቆጵሮስ ቆንጆ ነው አልጣላህም፣ ላንተ ቅርብ ነው። ግን እሱ ከፍራንክፈርት ነው፣ የሚነዳውም በቀኝ ነው፣ ከነቤተሰቡ ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሄድ ሰው በግራ መንዳት እስኪለምድ ጊዜው ያልቃል። ማዮርካ ላይ ደግሞ ሹፌሩ ሳይክለኛ ለምዷል፣ ሲያልፍህ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ህጉም ያስገድደዋል፣ አብዛኛውም ያከብረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይሄ ከተራራው ቁመት ይበልጣል ባይ ነኝ።

የሽሮሜዳ_ልጅ፦
እኔ ማዮርካን በስክሪን ነው የማውቃት 😅 ግን አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ኤርትራዊው ሳይክለኛ ቢኒያም ግርማይ በ2022 ጥር ላይ ትሮፌዮ አልኩዲያ የሚባለውን ውድድር ያሸነፈው እዛው ደሴት ላይ ነው፣ ከዛ በሁለት ወሩ ነው የቤልጂየሙን ውድድር ጌንት ቬቬልጌምን የበላው፣ በ2024 ደግሞ የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማልያ፣ በነጥብ አንደኛ የወጣው የሚለብሰውን። የኛም ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ብቻ ጋሼ እዛ ሲደርሱ አልኩዲያ ላይ ለኛም አንዴ ይርገጡልን።

ስለ ዳገቱ አይጨነቁ። እኛ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ መነሻችን ራሱ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ አየር የለም፣ ከኋላ የአይሱዙ ጭስ አለ። እዛ ያለው መንገድ ከፍ ቢል ከ900 ሜትር አያልፍም፣ ትንፋሽ ሙሉ ነው፣ ጣጣው የእግር ብቻ ነው።

በሶውን ያምጡት! በስኳር በጥብጠው ኮዳ ውስጥ ያድርጉት፣ ሳይክለኛ ለጉልበት ከሚውጣቸው ከነዛ ውድ ጄሎች ይሻላል፣ ጾምም አያስፈታም። ግን እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ እነዳለሁ ካሉ እሱን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ እኔ ብሆን ባዶ ሆዴን እንደዛ ያለ ቁልቁለት አልወርድም።

የሳይክለኛ_ሚስት፦
ሁላችሁም ስለ ማርሽ ነው የምታወሩት፣ እስኪ እኔ ደግሞ ስለ ሴትየዋ ላውራ። ባሌ ሳይክለኛ ነው፣ ማዮርካን ጠግቤያታለሁ፣ ፖርት ደ ፖየንሳም አልኩዲያም ሶየርም አድሬያለሁ። ፖየንሳ ለሳይክለኛው ነው ጥሩ። ሚያዝያ ውስጥ ውሀው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ልጁ እግሩን ነክሮ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ምን ልታደርጉ ነው? ቁርስ ቤት ስትገቢ በየጠረጴዛው ቁምጣ የለበሰ ሰው ስለ ጎማ ያወራል። ሶየርን ያዝ ወንድሜ። ከዋና ከተማዋ ከፓልማ ሶየር ድረስ የእንጨት ባቡር አለ፣ ከ1912 ጀምሮ የሚሄድ፣ ተራራውን በዋሻ በዋሻ ሰንጥቆ ሲወርድ ከታች ሸለቆው በሙሉ ብርቱካን ነው። ከከተማው እስከ ወደቡ ደግሞ ትራም አለ። ልጄ በሱ ብቻ ነው ሁለት ቀን ያሳለፈው፣ ሲወርድ ሲወጣ። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ይዤ ዴያና ቫልደሞሳ የሚባሉት የተራራ መንደሮች ሄጄ መጣሁ፣ ማንንም መጠበቅ ሳያስፈልገኝ።

ስለ ጾሙ፣ ፓን አምብ ኦሊ የሚሉት አለ፣ ጠቆር ያለ ዳቦ ላይ ቲማቲም ታሽቶበት የወይራ ዘይት የሚፈስበት፣ የአሳማ ስጋና አይብ ሳታደርጉ በሉ። ቱምቤት የሚባል ደግሞ አለ፣ ደበርጃን ድንችና ቃሪያ በዘይት ተጠብሶ ቲማቲም ሱጎ የሚደረግበት፣ አፍ ያስቆርጣል፣ ብቻ ከስጋ ወይ ከአሳ ጋር እንዳያመጡት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ዋናው ማስጠንቀቂያ ግን፣ ኢንሳይማዳ የሚሉት የተጠቀለለ በላዩ ነጭ ስኳር የተነሰነሰበት ዳቦ በየካፌው መስኮት አለ፣ ልጅ ሲያየው ይጮሃል፣ በአሳማ ስብ ነው የሚሰራው። ጾም ባይሆንም አይሆንም። ማንም አይነግርሽም፣ ሰልፉ ላይ ቆመሽ አንድ ሀበሻ ካልጮኸብሽ በቀር።

ዳገት_ናፋቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ይሄንን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ "ይቺ ሴትዮ የት ነበረች እስካሁን" አለች። ነገሩ አለቀ፣ ሶየር ነው። ጓደኛዬም ሻንጣውን ትቶታል። አሁን የቀረኝ፣ ከሶየር ስነሳ ሜዳ የሚባል የለማ? እግሬን የት ነው የማፍታታው? ሳ ካሎብራስ ይርቃል? ደግሞ የኛ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፣ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አለን፣ ችግር አለው?

ካቴና፦
ፓስፖርቱና የመኖሪያ ካርዱ ሁለቱም ቀናቸው ያላለፈ ከሆነ ስፔን ለመግባት ሌላ ቪዛ አያስፈልግህም፣ ሁለቱንም ግን ያዝ፣ አንዱን ቤት ረስተህ እንዳትሄድ። የጤና መድህን ካርድህንም፣ ጀርባው ላይ ያለው የአውሮፓው ካርድ ስፔንም ይሰራል።

የስቶክሆልሟ፦
እሺ ተሸነፍኩ 🙌 ሶየርም አሪፍ ነው፣ ግን እውነትህን ነው፣ ከወደቡ ትራሙን ተከትለህ እስከ ከተማው ካለው በቀር ሜዳ የለህም። የመጀመሪያ ቀን ኮል ደ ሶየር የሚባለውን ዳገት ውጣ፣ አፋፉ ከ500 ሜትር ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መኪናው በሙሉ በታች በዋሻው ነው የሚሄደው፣ ሳይክል ደግሞ ዋሻው ውስጥ ስለማይፈቀድ የድሮው መንገድ ላንተ ብቻ ነው የቀረው። ኩርባው ብዙ ነው ግን ለስለስ ያለ ነው። በሌላ ቀን ወደ ዴያና ቫልደሞሳ፣ እነሱም አውቶቡስ ይዘው ቫልደሞሳ ይጠብቁህ።

ሳ ካሎብራን ሳምንቱ አጋማሽ ላይ አድርገው፣ ደርሶ መልስ ወደ 80 ኪሎሜትር ነው ግን የምትወጣው ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ከሶየር እንደወጣህ ፑች ማዮር የሚባለው ዳገት ይቀበልሃል፣ 14 ኪሎሜትር በአማካይ 6 ፐርሰንት፣ አፋፉ የፌልድበርግህን ያክላል ግን መነሻህ ከባህር ጠለል ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ እግርህ ላይ ሌላ ነው፣ ዝም ብለህ በቀላል ማርሽ ተቀመጥና ውጣ፣ ከማንም ጋር አትሽቀዳደም። ጫፉ ላይ ዋሻ አለ፣ ጥቁር መነጽር አድርገህ ከዛ ፀሀይ በቀጥታ ስትገባ ምንም አይታይህም፣ ሳትገባ አውልቀው መብራትህንም አብራ። ከዋሻው ወጥተህ ሁለት ሀይቅ ታያለህ፣ ለመጠጥ ውሀ የተገደቡ ናቸው፣ እነሱን አልፈህ ነው ወደ ግራ የምትታጠፈው። ያንን ሁሉ ጨርሰህ ስትመለስ ከሀይቆቹ እስከ ዋሻው ድረስ አንድ ዳገት እንደቀረህ አትርሳ፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚረሳው፣ ከበሶውም ለሱ አስቀርለት።

ዳገት_ናፋቂ፦
ሀይቆቹ ጋ ውሀ መቅዳት ይቻላል ወይስ ከሶየር ሁለት ኮዳ ሞልቼ ልውጣ?

የስቶክሆልሟ፦
ሁለት ሞልተህ ውጣ፣ ሳ ካሎብራ ታች ካፌ አለ፣ እዛ ገዝተህ ትሞላለህ።

የሳይክለኛ_ሚስት፦
ለሚስትህም ስንት ሰዓት እንደምትመለስ ሳትዋሽ ንገራት።

ዳገት_ናፋቂ፦
😂😂 9 ሰዓት ብያታለሁ፣ 11 ብላ መዝግባለች።