ዋይፋዩ ሰርቪስ ቤት አይደርስም፣ ምን ላድርግ?

የጓሮው ልጅ፦
ሰላም ጓዶች እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። ከቤተሰብ ጋር ነው የምኖረው ግን ክፍሌ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ነው፣ ራውተሩ ያለው ደግሞ ዋናው ቤት ሳሎን፣ መሀላቸው ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሳሎን ጥይት ነው፣ ኩሽና ጋ ስደርስ አንድ መስመር ይቀራል፣ ክፍሌ ስገባ ጭራሽ ድራሹ ይጠፋል። ማታ ማታ ቪዲዮ ለማየት በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀመጠው፣ በቀደም ጎረቤታችን ሌባ መስዬው ባትሪ አበራብኝ 😅 ሪፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨውን ዕቃ) ልግዛ ወይስ የኢንተርኔት ፓኬጁን ላሳድገው?

ቺፑ፦
ፓኬጁን ተወው ባክህ፣ እሱ ፍጥነት እንጂ ርቀት አይጨምርልህም። ራውተሩ በትክክል የት ነው የተቀመጠው? ደግሞ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ከሆንክ ወደ 2.4 ቀይረው፣ 5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ላይ ይሰንፋል።

የጓሮው ልጅ፦
2.4 ላይ ነኝ፣ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ኋላ 🙈 ማዘር ሳሎኑን ያበላሻል ብላ ነው፣ ዳንቴልም አልብሳዋለች

ቺፑ፦
ሃሃሃ ዳንቴሉስ ከማሞቅ በቀር ምንም አይል። የቡፌው ጀርባ መስታወት ነው አይደል? እሱ ነው ጉዱ፣ መስታወት ከኋላው ብረት የተቀባ ስለሆነ ሲግናሉን ወደ ሳሎን ይመልሰዋል። አውጣውና ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት በኩል ከፍ አርገህ አስቀምጠው፣ አንቴናዎቹን ቀጥ አርገህ አቁማቸው እንጂ ጫፋቸውን ወደ ክፍልህ አትቀስር፣ ሲግናል የሚወጣው በጎናቸው ነው።

ቡናና ኮድ፦
ሪፒተር ከገዛህ የኔን ስህተት እንዳትደግመው፣ መኝታ ቤቴ ሰክቼው መስመሩ ሙሉ ያሳየኛል ኢንተርኔት ግን የለም፣ ለካ እሱ ራሱ ሲግናል ካላገኘ የሚደግመው የለውም። ኮሪደር ላይ ሳደርገው ነው የሰራልኝ።

ኬብል ይሻላል፦
ርካሹ ሪፒተር እኮ በተቀበለበት ቻናል መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርገዋል። እኔ ብሆን ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ነው ከራውተሩ የምዘረጋው፣ እስከ 100 ሜትር ችግር የለበትም። አሮጌ ራውተር ካለህ ክፍልህ አስቀምጠውና ዲኤችሲፒውን (ለስልክና ላፕቶፕ አድራሻ የሚያድለውን ሴቲንግ) አጥፋ፣ የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህኛውን 192.168.1.2 አርገው፣ ከዋናው የመጣውን ኬብል ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ላን (LAN) የሚለው ላይ ሰካ፣ አለቀ። ደጅ የሚያልፈውን በፒቪሲ ቱቦ አስገባው ፀሐይ ይጨርሰዋል፣ ከመብራት ገመድ ጋር ግን በአንድ ቱቦ እንዳትከተው።

የጓሮው ልጅ፦
ራውተሩ ቡፌው አናት ላይ ወጣ፣ መስኮት ጋ ማዘር እምቢ ብላለች። ክፍሌ ሁለት መስመር ገባ 🙌 ቪዲዮ በ480 ይሄዳል፣ ዳንቴሉ ግን አሁንም እንዳለ ነው። አሮጌ ራውተር አለኝ፣ ቅዳሜ ኬብል ልገዛ ነው፣ 20 ሜትር ይበቃል?

ኬብል ይሻላል፦
30 ያዝ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሲዞር ይበላል።