ማርኬዝ ነው ያሸነፈው ወይስ ዱካቲ?

ዙር ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን መግባባት ስላቃተን ነው እዚህ ያመጣሁት። ማርክ ማርኬዝ በ2025 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሞቶጂፒ (የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር) ሻምፒዮን የሆነው በዱካቲ ፋብሪካ ሞተር፣ ገና አምስት ውድድር እየቀረ፣ ጃፓን ሞቴጊ ላይ ነው። በዓመቱ 11 የእሁድ ውድድር (ዋናውን ማለቴ ነው፣ የቅዳሜውን አጭሩን አልቆጠርኩም) አሸንፏል። ጓደኞቼ ግን ፍንክች አይሉም። «ያ ዱካቲ ላይ ማንም ቢቀመጥ ያሸንፋል» ነው የሚሉት።

ማስረጃቸው ደግሞ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ2024 ከ20 ውድድር 19ኙን የወሰደው ዱካቲ ነው። የቀረችውን አንዷን ኦስቲን ላይ ማቬሪክ ቪንያሌስ በኤፕሪሊያ አሸነፈ። ይህን ያህል ልዩነት እያለ ስለ ነጂው ችሎታ ማውራት ይቻላል ወይ? በሌላ በኩል ግን ፔኮ ባኛያ አለ። ሰውየው የሁለት ጊዜ የሞቶጂፒ ሻምፒዮን ነው። በ2025 ከማርኬዝ ጋር በአንድ ጋራዥ፣ በአንድ ዓይነት ሞተር ሲወዳደር ከርሞ እሁድ ያሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሞተሩ ማንንም የሚያሸንፍ ከሆነ እሱን ምን ነካው?

የምትደግፉትን ሰው እንድታወድሱልኝ አይደለም። ነጂውን ከሞተሩ ለይቶ ማየት የሚቻልበት መንገድ ካለ እሱን ንገሩኝ።

ጋሽ መፍቻ፦

ልጄ፣ ፋብሪካን ከፋብሪካ ጋር አታወዳድር። አንድ ዓይነት ሞተር የተሰጣቸውን ሰዎች እርስ በርስ አወዳድር። ከዚህ የተሻለ መለኪያ እኔ አላውቅም።

የ2024ን ነገር ጓደኞችህ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩህ። ያን ዓመት ስምንት ዱካቲ ነበር የሚሰለፈው። አራቱ አዲሱን ጂፒ24 ያዙ፣ አራቱ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ጂፒ23። ማርኬዝ ግሬሲኒ ቡድን ውስጥ ስለነበረ የደረሰው አሮጌው ነው። ታዲያ ከአራቱ የጂፒ23 ነጂዎች የእሁድ ውድድር ያሸነፈ እሱ ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ አራጎን፣ ሚሳኖና ፊሊፕ አይላንድ ላይ። ቤዜኪም፣ ዲ ጃናንቶኒዮም፣ የገዛ ወንድሙ አሌክስም ያንኑ ሞተር ይዘው አንድም አላሸነፉም። «ማንም ቢቀመጥ» ለሚለው እኔ የምሰጠው መልስ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ኬሲ ስቶነር ነው። በ2007 በዱካቲ 10 ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያኔም «ዱካቲው ቀጥታ መንገድ ላይ ስለሚበር ነው» ተባለ፤ ልክ እንደ ዛሬው። የቡድን አጋሩ ካፒሮሲ፣ ዱካቲን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ በዚያው ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፈ። በ2008 ደግሞ ማርኮ ሜላንድሪ መጣ። በ2005 የዓለም ሁለተኛ የነበረ ሰው ነው፣ ተራ ነጂ አይደለም። ስቶነር ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ እሱ 17ኛ ወጣ። ከዚያ በ2011 ራሱ ቫለንቲኖ ሮሲ የስቶነርን ቦታ ወሰደ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ድል የለም፤ ሦስት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ፣ በቃ። ስቶነር በበኩሉ ወደ ሆንዳ ሄዶ በዚያው በ2011 እንደገና 10 ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያ ዱካቲ የፊት ጎማው ኩርባ ላይ አልታዘዝ የሚል ሞተር ነበር። ስቶነር በነዳጁ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ ነበር የሚያዞረው። ሌሎቹ ይህን አላገኙትም።

ቀጥታ መስመር፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እርስዎ ያነሷቸው ምሳሌዎች እኔን ወደ ሌላኛው ድምዳሜ ነው የሚወስዱኝ። ሮሲ በዚያ ሁለት ዓመት መንዳት ረስቶ አይደለም። በ2013 ወደ ያማሃ ተመልሶ አሰን ላይ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፣ የተለወጠው ሞተሩ ነው። ታዲያ ሞተሩ አይደለም ወሳኙ?

አሌክስ ማርኬዝንም እዩት። እርስዎ ራስዎ በጂፒ23 አንድም አላሸነፈም ብለዋል። በ2025 ጂፒ24 ሲሰጠው ሄሬዝ፣ ባርሴሎናና ሴፓንግ ላይ አሸንፎ የዓለም ሁለተኛ ሆነ። ሞቶጂፒ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ አለ፣ ከዚያ በፊት ግን አንድም የእሁድ ድል አልነበረውም። በአንድ ክረምት እንዲህ ዓይነት ችሎታ ከሰማይ አልወረደለትም። የሚስማማውን ሞተር አገኘ። ባኛያም በተቃራኒው፦ በ2024 በጂፒ24 11 ውድድር አሸነፈ፣ ሻምፒዮናውን በሆርሄ ማርቲን የተነጠቀው በ10 ነጥብ ብቻ ነው። አዲሱ ሞተር ሲመጣ የፊት ጎማው ላይ እምነት አጣ፣ ያ ሁሉ ድል ወደ ሁለት ወረደ። ስለዚህ ስለ ባኛያ መውረድ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ሞተሩ መለወጥም ቢያወሩ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የያማሃው ነጂ ኳርታራሮ ነው። በ2021 ሻምፒዮን ነበረ። ከጁን 2022 ዛክሰንሪንግ ወዲህ እስከ 2025 መጨረሻ አንድም አላሸነፈም። ግን በ2025 ሄሬዝ፣ ለማንና ሲልቨርስቶን ላይ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከፊት ተነሳ። በአንድ ዙር፣ በአዲስ ጎማ፣ ከዓለም አንደኛ ነው። ውድድሩ ሲጀመር ግን ያማሃው አብሮት አይዘልቅም። ሲልቨርስቶን ላይማ ይባስ ብሎ፣ ሁሉንም ጥሎ እየመራ ሳለ የኋላውን ከፍታ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ ተጣብቆ ቀረና ወጣ። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረበት?

ቢጫ 46፦

የሮሲ ስም ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም። በ2003 ያማሃ አንድም ውድድር አላሸነፈም። አንድም! ሮሲ የዓለምን ምርጥ ሞተር፣ ሆንዳን፣ ትቶ በ2004 ያማሃ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ውድድር ደቡብ አፍሪካ፣ ዌልኮም ላይ ነው። ቢያጂ በሆንዳ እስከ መጨረሻው ቢተናነቀውም ሮሲ አሸነፈው። ዓመቱን በ9 ድል ሻምፒዮን ሆኖ ጨረሰ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አላየሁም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄን ታሪክ ሰው ሁሌ አጉድሎ ነው የሚያወራው። ሮሲ ብቻውን አልሄደም። ዋና መካኒኩን ጄረሚ በርጀስን ይዞ ነው የሄደው። ያማሃ ውስጥ ደግሞ ማሳኦ ፉሩሳዋ የሚባል መሐንዲስ ነበረ፤ የኢንጂኑን አተነፋፈስና የአፈነዳድ ቅደም ተከተል ለውጦ ኃይሉ ለነጂው በሚገባው መልኩ እንዲመጣ አደረገ። የሮሲ ችሎታ አንዱ ክፍል ኩርባ ላይ የሚታየው አይደለም። ጋራዥ ገብቶ ምን እንደጎደለ በትክክል መናገሩና መሐንዲሶቹ ቃሉን አምነው መሥራታቸው ነው። ዱካቲ ላይ ያልተሳካውም ይሄ ነው እላለሁ። ሮሲ እንዲህ ይሁን ሲል ያን ጊዜ የነበረው ፋብሪካ ቶሎ መለወጥ አልቻለም። የካርቦን ሻንሲውን በአሉሚኒየም ሲለውጡ እንኳ 2012 ደርሶ ነበር።

ሌላውን የቀድሞ የያማሃ ሻምፒዮን ሎሬንዞንም አስታውሱ። ዱካቲ ላይ አንድ ዓመት ከምናምን ተሰቃየ። ፍሬን ሲይዝ ሰውነቱን የሚደግፍለት ቅርጽ ያለው የነዳጅ ሰልባትዮ ይሠራልኝ ብሎ ሲወተውት ቆይቶ በ2018 ሙጄሎ ላይ ተሰጠው። ያኑ እሁድ አሸነፈ። ቀጥሎ ባርሴሎና ላይ ደገመ። ይሄ የማን ድል ነው እንበል፣ የሎሬንዞ ወይስ የሰልባትዮው? እኔ ሁለቱን መነጣጠል አይሆንልኝም።

ዝናብ መጣ፦

@ቀጥታ መስመር ስለ ኳርታራሮ ያልከው ልክ ነው፣ ልቤን ነው የነካኸው። ግን አንድ ነገር አልቀበልህም፤ ሞተር ሳይክልን እንደ መኪና ውድድር እያሰብክ ይመስለኛል። ፎርሙላ 1 መኪና ከነነጂው 800 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ነጂው ታስሮ ነው የሚቀመጠው። የሞቶጂፒ ሞተር ዝቅተኛ ክብደት 157 ኪሎ ነው። 65 ወይም 70 ኪሎ ሰው ከነልብሱ ሲቀመጥበት ከጠቅላላው ክብደት ከሩብ በላይ የሚሆነው የሚንቀሳቀስ ሥጋ ነው። ፍሬን ሲይዝ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ኩርባ ላይ ክርኑ አስፋልት እስኪነካ ይንጠለጠላል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ያን ሁሉ ክብደት እያዘዋወረ ነው የሚያዞረው። ማርኬዝ የፊት ጎማው ሸሽቶት፣ ሌላው ሰው ወድቆ በሚንሸራተትበት ቦታ፣ በክርንና በጉልበቱ ደግፎ ሲያነሳው ስንቴ አይተናል? ይህን የሚያደርግ መሣሪያ የለም።

ከሞቶጂፒ ወጣ ብዬ ደግሞ ወርልድ ሱፐርባይክን፣ ለገበያ ከሚቀርቡ ሞተሮች የተሠሩት የሚወዳደሩበትን፣ ላንሳ። በ2019 አልቫሮ ባውቲስታ በአዲሱ ዱካቲ የመጀመሪያዎቹን 11 ውድድሮች በተከታታይ አሸነፈ። ሁሉም «አለቀ» አለ። ሻምፒዮን የሆነው ግን ጆናታን ሬይ ነው፣ በካዋሳኪ። ባውቲስታ ሲወድቅ፣ ሬይ እየተከተለ ነጥቡን ሲለቅም ከረመ። በኋላ ባውቲስታ በ2022 እና በ2023 ሻምፒዮን ሆነ፣ እሱ ቀላል ሰው ስለሆነ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የነጂውን ክብደት ከሞተሩ ጋር የሚያሰላ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ማን አሸነፈ? ቶፕራክ ራዝጋትሊዮግሉ፣ በቢኤምደብሊው። ያ ፋብሪካ ከዚያ በፊት ሻምፒዮና አግኝቶ አያውቅም። በ2025ም ደገመው።

ቀጥታ መስመር፦

ቶፕራክን አልከራከርህም፣ እሱ ፍሬን ላይ የሚያደርገው ነገር ሌላ ዓለም ነው። ግን ሬይን ካነሳህ ጨርሰው እንጂ። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ሰው በ2024 ወደ ያማሃ ሄዶ ምን ሆነ? ከፊት ጠፋ። ጆአን ሚርም ሞቶጂፒ ውስጥ እንዲሁ። በ2020 በሱዙኪ የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 በሆንዳ ከሃያኛ በታች። ሆንዳው ራሱ ማርኬዝን ብቻ እያዳመጠ ማርኬዝ ብቻ የሚነዳው ሞተር ሆኖ ነበር። በ2019 ማርኬዝ 420 ነጥብ ሲሰበስብ የቡድን አጋሩ ሎሬንዞ፣ ጉዳትም ቢኖርበት፣ 28 ነው ያገኘው። በ2020 ሄሬዝ ላይ ማርኬዝ ክንዱን ሲሰብር ሆንዳ ዓመቱን ያለ አንድ ድል ጨረሰ። አንድ ትልቅ ችሎታ ያለው ሰው ፋብሪካውን ሁሉ ወደ ራሱ ጎትቶ ለሌሎቹ ገደል ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የቡድን አጋር መለኪያው እንኳ ንጹሕ አይደለም ጋሼ። አጋሩ የሚነዳው ለሌላ ሰው የተሰፋ ሞተር ነው።

ጋሽ መፍቻ፦

ይሄን ጥሩ ብለሃል፣ እቀበልሃለሁ። ለዚህ ነው የ2024ቱን ጂፒ23 ያስቀደምኩት። ያ ሞተር ለማርኬዝ አልተሠራም፤ ሲሠራ እሱ ገና ሆንዳ ውስጥ ነበር። ይልቅ በእነ ባኛያ ልክ የተቀረጸ ነው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ፣ አንድ ዓመት ባረጀ ሞተር የዓለም ሦስተኛ ወጣ።

ዙር ቆጣሪ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ሁሉ ይዤ ነው የምመለስባቸው። አንድ ብቻ ልጨምር። ከ2027 ጀምሮ ሕጉ ሲለወጥ የነጂው ድርሻ ይጨምራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ዝናብ መጣ፦

እኔ አዎ ባይ ነኝ። ኢንጂኑ ከ1000 ወደ 850 ሲሲ ይወርዳል፣ ከፍታ የሚለዋውጡት መሣሪያዎች ይታገዳሉ፣ ክንፎቹ ይቀንሳሉ። አሁን ከኩርባ ሲወጡ መሣሪያው ሞተሩን ወደ መሬት ስለሚጎትተው የፊት ጎማው አይነሳም፤ ነጂው ዝም ብሎ ነዳጅ ይሰጣል። ያ ሲቀር ነዳጁን በስንት ልክ መስጠት እንዳለበት የሚወስነው የቀኝ እጁ ነው። ከፊት ያለው ሞተር የሚተወው የተረበሸ አየርም ስለሚቀንስ ማለፍ ይቀላል። ኳርታራሮን የመሰለ ሰው ከዚህ ይጠቀማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጥታ መስመር፦

እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል ባይ ነኝ። አዲስ ሕግ ሲወጣ ቀድሞ የገባው ፋብሪካ ሁሌ ይሮጣል፣ ጎማውም ከሚሽላን ወደ ፒሬሊ ስለሚቀየር ሁሉም ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው፦ የሁሉም ነጂዎች የጂፒኤስ መረጃ ለሁሉም ቡድን ክፍት ይሆናል። ማን የት ፍሬን ያዘ፣ በየትኛው መስመር ገባ፣ በስንት ፍጥነት ወጣ፣ ኋላ የቀሩት ፋብሪካዎች ሁሉ ያዩታል። ቢያንስ ያማሃና ሆንዳ የጎደላቸው ኩርባው ውስጥ ይሁን መውጫው ላይ በግምት አይሆንም።

ጋሽ መፍቻ፦

ማየቱ ይጠቅማል፣ አይካድም። ግን ዱካቲዎች እርስ በርስ መረጃ የሚለዋወጡት ድሮም ነው። ባኛያ 2025ን ሙሉ የማርኬዝን ፍሬን አያያዝ በየቀኑ ስክሪን ላይ እያየ ነው የከረመው።