ለጽሑፍም ለፊልምም የሚሆን ሞኒተር፦ 27 ወይስ 24 ኢንች?

ያለኝ 27 ኢንች፣ 1920 በ1080 ፒክስል፣ ቪኤ ፓነል (አንድ የስክሪን ዓይነት) ነው። ለአንድ ኢንች 82 ፒክስል ገደማ ብቻ ስለሚደርስ ፊደሉ ይሻክራል፤ በኤክሴል የ«ሌ» ቀለበት ተደፍና ነጥብ ትመስላለች። ክሊርታይፕን (የዊንዶውስ ፊደል ማጥሪያ) አስተካከልኩ፣ ስኬሉን (የጽሑፍና የምስል ማጉያውን) 125 በመቶ አደረግኩ፤ ፊደሉ ተለቀ እንጂ አልጠራም። ፊልም ላይ ደግሞ ጨለማ ትዕይንት ሲንቀሳቀስ ጥቁር ጥላ ይጎትታል። ኦቨርድራይቩን (የፒክስሎችን ለውጥ የሚያፈጥነውን የሞኒተር ቅንብር) ከፍ ሳደርገው በነጭ ጥላ ተተካ፣ እሱ ይብሳል።

የላፕቶፑ የምስል ማውጫ ኤችዲኤምአይ 1.4 ስለሆነ ፎርኬ (3840 በ2160 ፒክስል) ከ30 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ30 ምስል፣ አያልፍም፤ ማውሱ ይንቀረፈፋል። ዩኤስቢ-ሲው ምስል አያወጣም። ስለዚህ በጀቴ ውስጥ የቀረው 2560 በ1440፣ አይፒኤስ (ሌላ የፓነል ዓይነት)፣ 60 ኸርዝ ነው።

ስኬሉን 100 በመቶ ላይ ትቼ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ለማንበብ የ27 ኢንቹ በኢንች 109 ፒክስል ይበቃል፣ ወይስ 123 ፒክስል ያለውን 24 ኢንች ልውሰድ?