ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች አልነሳ አሉኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ማሠልጠኛ ውስጥ 14 ኮምፒውተሮች አሉ። ሃርድ ዲስክ የላቸውም። ሁሉም በኔትወርክ ከአንድ የኡቡንቱ ሰርቨር ነው የሚነሱት። ሰርቨሩ ላይ ያለው ዲኤንኤስማስክ የሚባል ፕሮግራም አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) እና የማስነሻ ፋይል ይሰጣል፤ የቀረው ሁሉ በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ በሚያጋራው ዘዴ) ይመጣል። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል።

ሰኞ መብራት ሄዶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጉድ ነው። ግማሾቹ ጥቁር ስክሪን ላይ «ፒኤክስኢ ኢ53» የሚል የኔትወርክ ማስነሻ ስህተት አሳይተው ቀጥ ይላሉ። አይፒ አግኝተዋል፣ የማስነሻ ፋይሉ ስም ግን አልደረሳቸውም ማለት ነው። ሌሎቹ መነሳት ይጀምሩና ኤንኤፍኤስ ላይ ሲደርሱ ይንጠለጠላሉ። የሚያናድደው ደግሞ ያው አንዱ ማሽን አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል።

ኬብል ቀያየርኩ። ሰርቨሩን ሦስቴ ሪስታርት አደረግኩ። ፋየርዎሉ ላይ የማስነሻ ፋይሉ የሚጠየቅበት ፖርት፣ ዩዲፒ 69፣ ክፍት ነው።

ትናንት ማታ ግን አንድ ነገር አየሁ። እምቢ ያለው ማሽን የያዘው አይፒ በ192.168.1 ይጀምራል፤ የእኔ ሰርቨር የሚያድለው በ10.0.0 ነው። የዋይፋይ ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ተመልሶ እሱም አይፒ እያደለ ይሆን? ከርነሉ (የኡቡንቱ እምብርት) ሲነሳ እንደገና አይፒ ሲጠይቅም ራውተሩ እየቀደመ ከሆነ፣ የኤንኤፍኤሱም ነገር ይገባኛል።

ችግሩ፣ ራውተሩ ያለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ቢሮው ተቆልፏል፤ እሳቸው መስክ ወጥተዋል። ሐሙስ ደግሞ ፈተና አለ።

ራውተሩን ሳልነካ ከማኔጅድ ስዊቹ (ኬብሎቹ ከሚገናኙበትና ሴቲንጉ ከሚቀየረው ሳጥን) ላይ የእሱን ዲኤችሲፒ፣ ማለትም አይፒ ማደሉን፣ ማገድ ይቻላል? ወይስ የራውተሩን ገመድ ከስዊቹ ነቅዬ ኢንተርኔቱን ለጊዜው ልተወው?