የዓሣ ጫጩት እንልቀቅ ወይስ ወንዙን እንከልል? (የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ)

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልን። ለወረዳው የምናስገባው ረቂቅ ይህ ነው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ሎጎ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ የቆሮሶ (ለምግብ የሚሆነው ዓሣ) ጫጩት መልቀቅ። እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት።

ከሆጤ፦ ጥሩ ነው። ለወጣቶቹም ገቢ ይሆናል።

የባዮሎጂ መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። ባለፈው እሁድ ከደሴ ሄጄ ወንዙ ዳር ወርጄ ነበር። አንድ ድንጋይ ሳገላብጥ ጣት የምታህል ዓሣ ሽው ብላ አለፈች። ከአፏ ሥር መምጠጫ አላት፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ትጣበቃለች። በሳይንሱ ጋራ (Garra) ይሏታል። ለመጥበሻ ስለማትሆን ማንም ከቁጥር አያስገባትም። ቆሮሶ ግን እንግዳ ነው። ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በፈረንጅ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው።

አሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ሞአፓ የሚባል ሸለቆ አለ። ሞአፓ ዴስ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ከዚያ ወንዝና ከፍልውሃዎቹ ሌላ አገር የላትም። ድሮ ምንጮቹን ለመዋኛ ገድበዋቸው ነበር። በፈረንጅ በ1979 ቦታው ለእሷ ተከለለ። ስፋቱ 47 ሄክታር ገደማ ነው፣ በቃ! መዋኛዎቹን አፍርሰው ውሃው እንደ ጥንቱ በጠጠር ላይ እንዲፈስ አደረጉ። በ1990ዎቹ ደግሞ የቆሮሶ ዘመድ ከታች ወንዙን ተከትሎ ወጣና አመናመናት። እሱን ለማስወጣት ብዙ ለፍተዋል፣ መከላከያም ሠርተዋል። ያም ሆኖ በ2008 ሲቆጥሩ ያገኙት 459 ዓሣ ብቻ ነበር። እነሱ ለማስወጣት እንዲያ ሲደክሙ እኛ በገዛ እጃችን እናስገባ?

ከሐይቅ ከተማ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ልጅ ሳለን የእኛዋን ዓሣ በነጠላ እንይዛት ነበር። ግን የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ረሳሽው። በበጋ ለሽንኩርት ሲስቡ ወንዙ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ገበሬው ሳይወያይ ክለላ ብንል ደግሞ ጠላት ነው የምናፈራው።

መምህርቷ፦ ልክ ብለሃል ወንድሜ። የሞአፓን ምንጮችም ያሰጋቸው የውሃ መሳብ ነው። እንግዲያው ሙሉውን ወንዝ አንጠይቅ። ከድልድዩ በላይ ያለው፣ ሾላው የሚያጠላበት ክፍል ይበቃናል። እዚያ ሞተር አይተከል፣ ልብስ አጣቢም ከድልድዩ በታች ይውረድ።

ጸሐፊው፦ ገባኝ። ጫጩቱን ከረቂቁ አውጥቼዋለሁ። የወጣቶቹ ነገር ግን ባዶ አይቅር።

ከሆጤ፦ ለጥበቃና ለቆጠራ የቀን አበል ይያዝላቸው። የቅድሙን ሐሳቤን ትቻለሁ።

ከሐይቅ ከተማ፦ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ድልድዩ ላይ እንገናኝ። ገበሬዎቹን እኔ እጠራለሁ። ቦት ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ።