ኮንትራት ሳያልቅ ክፍል መቀየር ይቻላል? (አሜሪካ ያላችሁ ነርሶች)

የአዘዞ ልጅ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ጎንደሬዎች። ኑክሌር ሜዲስን ክፍል (ጨረር ያለው መድኃኒት ለበሽተኛ የሚሰጥበት) ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆች ለቀው ምትክ አልመጣም፤ ሥራው ሁሉ እኔና አንዲት ፊሊፒናዊት ላይ ወደቀ። ማታ ከነጫማዬ ነው የምተኛው። ያመጣኝ ኤጀንሲ ጊዜሽ ሳይሞላ ከለቀቅሽ ትከፍያለሽ ይላል። እዚያው ሆስፒታል ወደ ሌላ ዋርድ ብዛወርስ እንደ መልቀቅ ይቆጠራል? ወንድሜ ደግሞ ብር ላኪና ክረምት ሳይገባ የቤቱ ጣሪያ ይመታ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ወይስ ድካሙ ከጨረሩ ይሆን?

የቀሃው (ዳላስ)፦ እህቴ፣ እኔ በዚሁ ሙያ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ከጨረሩ አይደለም፤ በሥራ ላይ የሚያገኘን መጠን ሰው አያደክምም። ሕጉ ለሠራተኛ የሚፈቅደው ከፍተኛው በዓመት 50 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ ደረትሽ ላይ የምታደርጊውን የጨረር መለኪያ ባጅ ንባብ ጠይቂና እዪው። የሚገድልሽ ሰዓቱ ነው። ለፔት ስካን ምርመራ የምንወጋው ጨረር አመንጪ መድኃኒት፣ ፍሎሪን-18፣ በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። በሽተኛው ቢዘገይ፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ደም ሥሩ አልገኝ ቢል መድኃኒቱ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የሚዘለለው ያንቺ ምሳ ነው። ሌላ ዋርድ ሰው ሲጎድል አንዳንዱ ሥራ ለማታ ይተርፋል፤ እዚህ ማታ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ መርፌውን ከተወጋ በኋላ ጨረሩ የሚወጣው ከበሽተኛው ነው። ርቀትሽን እጥፍ ስታደርጊ መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል ብለው ያስተምሩናል። ደጋፊ ሰው ጠፍቶ አዛውንቱን አቅፈሽ ሽንት ቤት ስታደርሺ ርቀቱ የታለ? አርግዘሽ ከሆነ ግን በጽሑፍ አሳውቂ፤ ያኔ ለጠቅላላው እርግዝና 5 ሚሊሲቨርት ነው ገደቡ።

የአዘዞ ልጅ፦ ኧረ አላረገዝኩም! እናቴ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለች እኮ 😂

የሲያትሏ፦ የጠየቀችው ስለ ኮንትራት ነው፣ አንተ ትምህርት ቤት ከፈትህ። የኔ ቆንጆ፣ ወረቀቱ የሚያስርሽ ከአሠሪው ጋር ነው ወይስ የክፍሉን ስምም ጠቅሷል? እሱን እዪና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሪ ምንም እንዳትፈርሚ። ድካሙን ግን አውቀዋለሁ። ለጥምቀት ፈቃድ ተከልክዬ፣ ልጆቹ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ውስጥ ሲዘሉ በስልክ እያየሁ እቃ ክፍል ገብቼ ያለቀስኩት አይረሳኝም።

የማራኪው (ጎንደር)፦ አይ እናንተ። እኛም እዚህ ነርስ ነን፤ ሌሊት አድረን ደመወዙ ለቤት ኪራይ አይበቃም። በዶላር መድከምም ድካም ሆነ?

የቀሃው፦ ወንድሜ፣ ዶላሩን የሚቆጥረው የሚልከው ነው። ወንድምየው ጣሪያውን ለምን ራሱ አይመታም?

የማራኪው፦ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ለመሆኑ ከወጣህ ወዲህ ስንቴ መጥተህ አይተኸናል?

የሲያትሏ፦ እሱንስ ተወው። ቤቱ በማን ስም ነው የሚሠራው? በሷ ካልሆነ አንድ ሳንቲም እንዳትልክ።

የማራኪው፦ ይኸው መጣ! ወንድምና እህት በካርታ የሚተያዩበት ዘመን። እናትዮዋስ የት ትኑር?

የሲያትሏ፦ በካርታ ያልተያዩትን ፍርድ ቤት አይቻቸዋለሁ፣ ጋሼ።